ቤቱ የባንክ ዕዳ አለበት፤ ለባለቤቴ እንዲተርፍላት ስሟን ላስገባ?

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ፤ 44 ዓመቴ ነው። በ2008 ዓ.ም. የ20/80 ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ውል ፈረምኩ፤ ያገባሁት በ2010 ዓ.ም. ነው። ከባለቤቴ ሁለት ልጆች ወልደናል። ከትዳሬ በፊት የወለድኳት የ15 ዓመት ልጅም አለችኝ፤ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ካርታውም ብድሩም በእኔ ስም ነው፤ ከተጋባን ወዲህ ግን የወሩን ክፍያ የምንከፍለው ከሁለታችን ደሞዝ ነው። ነገ አንድ ነገር ብሆን ባለቤቴ ከቤቷ እንዳትወጣ እፈልጋለሁ። አንዱ ወዳጄ «ሚስት ባሏን ትወርሳለች፤ ምን አስጨነቀህ?» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ካርታውንም ብድሩንም በሁለታችሁ ስም አድርገህ እረፍ» ይላል። የማንን ልስማ?

ምላሽ፦ የሁለቱንም አይስሙ። የሁለተኛው ወዳጅዎ ምክር ግማሽ እውነት አለው፤ የመጀመሪያው ግን ሰው ከቤቱ የሚያስወጣ ስህተት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ባልም የሚስቱ ወራሽ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ ሰው ሳይናዘዝ ሲሞት ማን እንደሚወርሰው ከአንቀጽ 842 ጀምሮ በየደረጃው ይዘረዝራል። መጀመሪያ ልጆች ናቸው። ልጅ ከሌለ አባትና እናት፣ እነሱ ከሌሉ እኅትና ወንድም፣ ቀጥሎ አያቶች እያለ ይወርዳል። የትዳር ጓደኛን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቢፈልጉ አያገኙትም።

ሰው የሚሳሳተው ባሏ የሞተባት ሴት ከቤቱ ግማሹን ስትይዝ ስለሚያይ ነው። ያ ግማሽ ግን ውርስ አይደለም፤ ባሏ በሕይወት ሳለም የእሷ ነበር። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ በገንዘብ የተገዛ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል (አንቀጽ 62 እና 63)። ስለዚህ ቤቱ የተገዛው ከጋብቻ በኋላ ቢሆን ኖሮ የባለቤትዎ ስም ካርታው ላይ ባይኖርም ግማሹ የእሷ ነው ብዬ አረጋጋዎት ነበር። ለውርስ የሚቀርበው የእርስዎ ግማሽ ብቻ ይሆን ነበር።

የእርስዎ ጉዳይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ውሉን የፈረሙት ከጋብቻው ሁለት ዓመት ቀድመው ነው። በአንቀጽ 57 መሠረት ተጋቢዎች በጋብቻቸው ዕለት በእጃቸው የነበረ ንብረት የየግላቸው ሆኖ ይቀራል። እርስዎ «የጋራችን ነው» ብለው ሲያስቡት ቢኖሩም፣ ከሞቱ በኋላ ክርክር ቢነሳ ተቃራኒው ወገን የውሉን ቀንና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጦ የግል ሀብትዎ እንደነበር ያስረዳል። ለባለቤትዎ የሚቀራት ከጋብቻው ወዲህ የተከፈለው ገንዘብ ነው። በጋብቻ ውስጥ የሚገኝ ደሞዝ፣ የማንም ይሁን የማን፣ የጋራ ሀብት ስለሆነ በጋራ ገንዘብ ለግል ቤትዎ ከተከፈለው ውስጥ ድርሻዋን መጠየቅ ትችላለች።

በቁጥር ላሳይዎት፤ አኃዞቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው። ቤቱ ዛሬ 5 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ የቀረው ዕዳ 200 ሺህ ብር ነው፣ ከተጋባችሁ ወዲህ ደግሞ 240 ሺህ ብር ከፍላችኋል እንበል። ሳይናዘዙ ቢሞቱ ከዕዳው የሚተርፈው 4 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ለሦስቱ ልጆችዎ እኩል ይደርሳል፤ ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ማለት ነው። ባለቤትዎ ከዚያ ላይ ልትጠይቅ የምትችለው ከ240 ሺሁ ግማሹን፣ 120 ሺህ ብር ነው። ለዓመታት ደሞዟን ያፈሰሰችበት ቤት ውስጥ ያላት ይኼው ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን አብሯት ባለቤት የሚሆነው ማን እንደሆነ ነው። ከትዳር በፊት የተወለደችው ልጅዎ ከሁለቱ ጋር ፍጹም እኩል ወራሽ ናት፤ ሕጉ በጋብቻ ውስጥ በተወለደና ከጋብቻ ውጭ በተወለደ ልጅ መካከል ልዩነት አያደርግም፤ ማድረግም የለበትም። ገና 15 ዓመቷ ስለሆነ በስሟ የምትቆምላት እናቷ ናት። ባለቤትዎ በበኩሏ በሁለቱ ልጆቿ ስም ትቆማለች። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ደግሞ በሦስት አይቆረስም። አንደኛው ወገን «ድርሻዬ ይውጣ» ካለ፣ ሌላኛው ገንዘቡን ከፍሎ ካላስቀረው በቀር መጨረሻው ሐራጅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት የባሏ አርባ በወጣ ሳምንት ቢሮዬ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ በእጇ በፌስታል የታጨቀ ደረሰኝ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ ስትዘረግፈው የዘጠኝ ዓመት የባንክ ክፍያ ነበር፤ የቆዩት ቀለማቸው ለቆ ቁጥሩ አይነበብም። የሴራሚኩ፣ የኩሽናው ካቢኔት፣ የበሩ ደረሰኝ ሳይቀር አለ፤ ኮንዶሚኒየም ሲረከቡት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ያ ሁሉ ወጪ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ቤቱ ለባሏ የደረሰው ከጋብቻቸው በፊት ነው፤ ልጅ አልነበራቸውም፤ ኑዛዜም የለም። ወራሾቹ አገር ቤት ያሉ አባትና እናቱ ሆኑ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ለቅሶ ላይ አቅፈዋት ያለቀሱ ሰዎች ናቸው። ሕጉ የሰጣቸውን ነው የጠየቁት። ከረጅም ክርክር በኋላ ያገኘችው ከዚያ ፌስታል ውስጥ ቀለሙ ያልለቀቀውን ድርሻ ነው፤ ቤቱን አይደለም። ባሏ በሕይወት ሳለ አንድ ገጽ ጽፎ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወዳጅዎ ምክር እንምጣ። «ስም ማስገባት» ሲባል ሰው አንድ ነገር ይመስለዋል፤ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ካርታው ላይ ስም መግባት ባለሀብት ያደርጋል። ብድሩ ላይ ስም መግባት ባለዕዳ ያደርጋል። በብድር ውል ላይ አብራ ተበዳሪ ሆና የፈረመች ሚስት በዚያ ፊርማ የቤቱን አንድ ጡብ እንኳ አታገኝም፤ ባሏ ቢሞት ግን ባንኩ ሙሉውን ዕዳ ከእሷ መጠየቅ ይችላል፤ ቢፋቱም ፊርማዋ አይፋታም። ብዙዎች ይህን የሚያምታቱት ከሌላ ፊርማ ጋር ነው። የጋራ የሆነ ቤት ሲሸጥ ወይም መያዣ ሲሆን በአንቀጽ 68 መሠረት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል፤ ባንኮች ሚስትን ጠርተው የሚያስፈርሙት ለዚህ ነው። ያ ፊርማ ፈቃድ መስጠት ነው፤ ተበዳሪ መሆን አይደለም። ስለዚህ ባለቤትዎን በብድሩ ላይ አያስገቡ። ጥቅም የለውም፤ ጉዳት ግን አለው። ባንኩ የድሮውን ውል ዘግቶ አዲስ ውል እንፈራረም ካለም ወለዱን ከድሮው ጋር ሳያወዳድሩ እሺ አይበሉ።

ካርታው ላይ ስሟን ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ክፍለ ከተማ ሄዶ «ይጨመርልኝ» በማለት አይሆንም። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ቤቱ የጋራ እንዲሆን ሁለታችሁ መዋዋል ነው። ይህን በጋብቻ ውል ማድረግ ይቻል የነበረው ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ነው። በትዳር ውስጥ እያሉ የሚደረግ የባልና ሚስት ውል ግን በአንቀጽ 73 መሠረት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ቤት ውስጥ ሦስት ሽማግሌ አስቀምጦ የተፈረመ ወረቀት፣ ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ፣ ክርክር ሲመጣ አይቆምም። ሁለተኛው መንገድ ግማሹን በስጦታ ማስተላለፍ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት፣ ማለትም በምስክሮች ፊት ተነቦ፣ መደረግ፣ በውልና ማስረጃም መመዝገብ አለበት። በሁለቱም መንገድ ግን ቤቱ በባንክ መያዣ ስለተያዘ የባንኩ የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖር ስሙ አይዞርም። ኮንዶሚኒየም በእጅ በገባ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዳይተላለፍ የሚከለክለው ገደብ እርስዎን አይመለከትም፤ ጊዜው አልፏል።

ስጦታ ግን ተመልሶ የሚመጣ ነገር አይደለም። ግማሹን ከሰጡ በኋላ ያ ግማሽ የባለቤትዎ የግል ሀብት ይሆናል፤ ነገ ብትለያዩ ይዛው ትሄዳለች። ሰው ፈጽሞ የማያስበው ሌላም ነገር አለ፤ ሞት ወረፋ አይጠብቅም። እሷ ብትቀድም የእሷን ግማሽ እርስዎ አይወርሱም፤ ልጆቿ ይወርሱታል። ልጅ በሌላቸው ባልና ሚስት ዘንድ ደግሞ አማቶች ይወርሱታል፤ ባል በገዛው ቤት ከአማቱ ጋር ባለ ግማሽ ይሆናል። እንግዲህ የስም መግባት ችግሩን በግማሽ ይቀንሳል እንጂ አይዘጋውም። የእርስዎ ቀሪ ግማሽ አሁንም ለሦስቱ ልጆች ነው፤ ባለቤትዎም አሁንም ወራሽ አይደለችም።

ችግሩን የሚዘጋው ኑዛዜ ነው። የባንክ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ካርታ አይቀየርበትም፤ ሐሳብዎን ከቀየሩ በማንኛውም ጊዜ ይሽሩታል፤ በሕይወት እስካሉ ድረስም ከንብረትዎ አንዳች ነገር አይወጣም። በአገራችን ኑዛዜ የሽማግሌና የበሽተኛ ነገር ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። በ44 ዓመት፣ በሙሉ ጤና የተጻፈ ኑዛዜ «አእምሮው ደክሞ ነበር» የሚል ክርክር አይነሳበትም።

በኑዛዜው ምን ይጻፍ? «ቤቱን በሙሉ ለባለቤቴ» ብለው አይጻፉ። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው ምክንያቱ በኑዛዜው በግልጽ ተጽፎ፣ ምክንያቱም በቂ ሆኖ ሲገኝ ነው። ያለ ምክንያት ባዶ እጇን የቀረች ልጅ ኑዛዜውን ይዛ ፍርድ ቤት ትሄዳለች፤ የማሸነፍ ዕድልም አላት። ደግሞም ልጅዎ ናት፤ ከትዳርዎ በፊት መወለዷ ጥፋቷ አይደለም። እኔ የምመክረው ሁለት ነገር አጣምረው እንዲሰጡ ነው። አንደኛ፣ ባለቤትዎን ከልጆቹ ጋር እኩል ባለድርሻ ያድርጓት፤ ቤቱ ለአራት ይሆናል። ሁለተኛ፣ በቤቱ የመኖርና የመጠቀም መብት፣ ሕጉ አላባ የሚለውን፣ ቢያንስ ትንሹ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለእሷ ይስጡ። ሀብቱ የአራቱም ይሆናል፤ ቁልፉ ግን እሷ ጋ ይቆያል። ይህ ጊዜ የተወሰነለት ቢሆን ይሻላል፤ ትልቋ ልጅ ድርሻዋን መቼ እንደምታገኝ ታውቃለች፤ ለክርክር የሚገፋፋትም ይቀንሳል። ከጋብቻ ወዲህ ያለው ክፍያ ከጋራ ገንዘብ መከፈሉንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስፍሩ፤ ባለቤትዎ በፌስታል ደረሰኝ ከመልቀም ትድናለች።

አሁን ስለ አጻጻፉ ልጠንቀቅ፤ በሥራዬ ያየኋቸው አብዛኞቹ የወደቁ ኑዛዜዎች በይዘታቸው ሳይሆን በፎርም ነው የወደቁት። ግልጽ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ በእነሱ ፊት መነበቡና ቀኑ በኑዛዜው ላይ ራሱ መጻፍ አለበት። ይህች አንዲት መስመር በመጉደሏ ብቻ ስንት ቤት ከታሰበለት ሰው እጅ ወጥቷል። በውልና ማስረጃ ሹም ፊት የተደረገ እንደሆነ ሹሙ እንደ አንድ ምስክር ስለሚቆጠር ሁለት ምስክር ይበቃል፤ ይኸኛውን ይምረጡ፤ ቅጂውም እዚያው ይቀመጣል። በራስ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜም አለ። እሱ ሙሉ በሙሉ በእጅ ጽሑፍዎ፣ ኑዛዜ መሆኑ ተገልጾ፣ እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ኖሮት መሆን አለበት። ዕድሜም አለው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ዐሥር ዓመት የቆየ ወረቀት ማንንም አያድንም።

ከባለቤትዎ ጋር በአንድ ወረቀት አትናዘዙ። ባልና ሚስት በፍቅር አንድ ላይ የሚፈርሙት የጋራ ኑዛዜ በአንቀጽ 858 ፈራሽ ነው። የእርስዎን ለብቻ፣ የእሷን ለብቻ፤ እሷም ትናዘዝ፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬያለሁ። ኑዛዜ የሚጠቀምበት ሰው ምስክር አይሁን። ፍቺ ከመጣ ለትዳር ጓደኛ የተናዘዙት ቀሪ ይሆናል፤ ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ከተወለደም እንደ አዲስ ይጻፉት።

ዕዳውስ? ኑዛዜ ዕዳን አይሰርዝም። መያዣው ከሰው ጋር ሳይሆን ከቤቱ ጋር ነው የሚሄደው፤ ቤቱን ማንም ይውረሰው ማን ባንኩ መብቱን ይዞ ይከተለዋል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ባንክ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ መያዣውን ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የእርስዎ ሞት ይህን ሰዓት አያቆመውም። ቤተሰብ ለቅሶ ላይ ሳለ፣ የወራሽነት ማረጋገጫውም ከፍርድ ቤት ሳይወጣ፣ የወሩ ክፍያ ቀን ይደርሳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያድርጉ። የብድር ውልዎን አውጥተው የተበዳሪ የሕይወት ኢንሹራንስ እንዳለበት ያንብቡ፤ ካለበት ሲሞቱ ቀሪውን ዕዳ ኢንሹራንሱ ይከፍላል። ከሌለበት በቀሪው ዕዳ ልክ የሕይወት ኢንሹራንስ ይግቡና ተጠቃሚዋ ባለቤትዎ መሆኗን በስሟ ያስጽፉ። ተጠቃሚው በስም የተጻፈበት የሕይወት ኢንሹራንስ ገንዘብ ወደ ውርሱ አይገባም፤ በቀጥታ ለእሷ ይከፈላል። ስም ሳይጻፍ ከቀረ ግን ከውርሱ ጋር ይደባለቃል። የጡረታ አበልም እንዲሁ ከውርስ ውጭ ነው፤ በሕግ የሚገባት ለእሷ በቀጥታ ነው የሚከፈላት።

የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌላችሁ በዚህ ሳምንት ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አውጡ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ የተፈጸመ ጋብቻም የጸና ጋብቻ ነው፤ ነገር ግን ሁለታችሁም በሕይወት እያላችሁ በአንድ ቀን የሚያልቀው ጉዳይ፣ አንዱ ከሞተ በኋላ በምስክር የሚታይ የፍርድ ቤት ሙግት ይሆናል።

እስካሁን ያልኩት ለአዲስ አበባ ነው፤ ድሬዳዋም በዚሁ የቤተሰብ ሕግ ትተዳደራለች። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የጋራና የግል ሀብቱን ነገር በክልላችሁ ሕግ ማየት ያስፈልጋል። ሙስሊም ቤተሰቦች ባለጉዳዮቹ ተስማምተው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከተዳኙ ደግሞ መልሱ ይለያል፤ በሸሪዓ ሚስት ወራሽ ናት፤ ባሏ ልጅ ካለው አንድ ስምንተኛ፣ ከሌለው አንድ አራተኛ ይደርሳታል።

ስለዚህ የእርስዎ ቅደም ተከተል ይህ ነው። በዚህ ወር ውልና ማስረጃ ሄደው ኑዛዜዎን ያስመዝግቡ። በዚያው ሰሞን የብድር ውሉን አንብበው ኢንሹራንሱን ይጨርሱ። ብድሩ ላይ የባለቤትዎን ስም አያስገቡ። ካርታው ላይ ማስገባትን ዕዳው ተከፍሎ ቤቱ ከመያዣ እስኪለቀቅ ያቆዩት፤ ያኔም ግማሹ የእርስዎ እንዳልሆነ አምነው ለመኖር ከወሰኑ ብቻ፣ በፍርድ ቤት በጸደቀ ውል ያድርጉት። ኑዛዜው የት ጽሕፈት ቤት፣ በምን ቁጥርና ቀን እንደተመዘገበ ለባለቤትዎ በወረቀት ጽፈው ይስጧት፤ ለትልቋ ልጅዎ እናትም ልጅቷ ድርሻ እንዳላት ዛሬውኑ ይንገሯት።